የሜዳ አደራ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን አንድ ማታ የዶርማችን በር ተንኳኳ። የገባው የኳስ ቡድናችን አምበል ነበር። በእጁ ወረቀት ይዟል። «ፈርሙ» አለን። ስምንታችንም ፈረምን። እሱ ከወጣ በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ለመሆኑ ምን ላይ ነው የፈረምነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ስለ ምግብ ቤቱ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ ስለ ምርጫው ነው አለ። እስከ ዛሬ እርግጡን አናውቅም። የምናውቀው ነገር ቢኖር የፈረምነው ለወረቀቱ ሳይሆን ለአምበሉ መሆኑን ነው። ባለፈው እሑድ በዚያ ሁሉ ዝናብ ጉልበቱ ቆስሎ ሲጫወት አይተነዋል። እንዲህ ያለ ሰው «ፈርሙ» ሲል ማን «ቆይ እስቲ ላንብበው» ይላል?

ነገሩ ትንሽ ነው፤ ያደረሰውም ጉዳት የለም። ጥያቄው ግን ትንሽ አይደለም። ሰው በአንድ ቦታ ያገኘውን አመኔታ ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ሊሠራበት ይችላልን? በሜዳ የታመነ ሰው ከሜዳ ውጭ «ተነሱ» ሲል፣ የሚነሱት ሰዎች የተነሱት ለነገሩ ነው ወይስ ለሰውየው? ይህንን ስንከራከር ከርመን ነው እንግዲህ የአንድ አየርላንዳዊ ስፖርተኛ ታሪክ ያጋጠመን። «ደግሞ ከኳስ ምን ፍልስፍና ይገኛል?» የሚል ጓደኛ አለን፤ እሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ሰውየው ፍራንክ ብራውኒንግ ይባላል። በ1868 ደብሊን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ያን ጊዜ አየርላንድ በሙሉ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ነበረች። እንደ ብዙ የደኅና ቤተሰብ ልጆች ለትምህርት እንግሊዝ አገር ተላከ፤ ከዚያ ተመልሶ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። በሞቃቱ ወራት ክሪኬት፣ በብርዱ ወራት ራግቢ ይጫወታል። በክሪኬት ለአየርላንድ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያደረገው በ1888፣ የመጨረሻውን በ1909 ነው፤ በነዚህ ሃያ አንድ ዓመታት ውስጥ 39 ጊዜ ተሰልፏል። ቦታው ዊኬት ጠባቂነት ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፦ ወርዋሪው ኳሱን ይዞ ከፊት እየሮጠ ይመጣል፣ መቺው ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል፣ ከመቺው በስተኋላ ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፣ ከእንጨቶቹ ኋላ ደግሞ ዊኬት ጠባቂው ቁጢጥ ብሎ ያመለጠውን ኳስ ሁሉ ይቀልባል። ቀኑን ሙሉ! ሰው አያጨበጭብለትም፤ አንዲት ኳስ ያመለጠችው ዕለት ግን ሁሉም ያየዋል። ራግቢን ደግሞ ዋንደረርስ በሚባለው የደብሊን ክለብ ተጫወተ። ጉልበቱ ሲደክም ወደ አስተዳደሩ ገባና በ1914 የአየርላንድ ራግቢ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር።

እንዲህ ባለ ሕይወት ውስጥ ሰው የሚያጠራቅመው ምንድን ነው? ገንዘብ አይደለም። ራግቢ በዚያ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እስከ 1995 ድረስ፣ ክፍያ የተከለከለበት ጨዋታ ነበር። የሚጠራቀመው አመኔታ ነው። በራግቢ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው ተጠልፎ ሲወድቅ፣ ደርሶ ከላዩ የሚቆምለት ጓደኛ ከሌለ አለቀለት። ሃያ ዓመት ሙሉ ደርሶ የቆመ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ታማኝነቱን እያስመሰከረ ነው ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ አመኔታ በንግግር አይገኝም፤ በምርጫም አይገኝም። እኛ አደራ የምንለው ይህንን ነው።

በኦገስት 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ብራውኒንግ ለደብሊን ራግቢ ክለቦች ደብዳቤ ላከ፤ ተጫዋቾች ሁሉ ለወታደራዊ ሥልጠና ይሰብሰቡ የሚል። መጡ። የሚሰለጥኑትም ሌላ ቦታ ሳይሆን ላንስዳውን ሮድ፣ በዚያው በራግቢው ሜዳ ላይ ነበር። ቀደም ሲል ለግጥሚያ ተሰልፈው የሚገቡበት ሣር ላይ አሁን በሌላ ሰልፍ ቀኝ ኋላ ዙር ይባባሉበት ጀመር። የሮያል ደብሊን ፊውዚሊየርስ ሰባተኛ ሻለቃ አዛዥም የቀድሞ የራግቢ ተጫዋች ነበርና ለነዚህ ልጆች ከሻለቃው አንድ ሻምበል ለብቻው አዘጋጀላቸው። አብረው የተጫወቱ አብረው እንዲዘምቱ ነው። «ባልንጀሮቹ» ተባሉ። ጠበቃው፣ ሐኪሙ፣ የባንክ ጸሐፊው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ሁሉ መኮንን ልሁን ሳይል ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። የከተማው ሰው ግን ዝም አላለም፤ «በሻካሮቹ መካከል የገቡት ቅምጥሎች» ብሎ ስም አወጣላቸው። የመደብ ነገር በጦር ሜዳ እንኳ አይደበቅም።

ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። በኦገስት 1915 ቱርክ አገር ጋሊፖሊ ላይ፣ ሱቭላ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ወረዱ። ውሃ የለም። ሙቀቱ ይፈጃል። በወሩ አጋማሽ ኪሬች ቴፔ በሚባለው ሸንተረር ላይ ቱርኮቹ ከተረተሩ ማዶ የእጅ ቦምብ ሲወረውሩባቸው እነሱ የሚወረውሩት ቦምብ አልነበራቸውም፤ ድንጋይ ወረወሩ። አንዱ ወታደር የመጣውን ቦምብ ሳይፈነዳ በእጁ እየቀለበ መልሶ ይወረውር እንደ ነበር ተጽፏል። ደጋግሞ ቀለበ። በመጨረሻ አንዱ በእጁ ላይ ፈነዳ። ክሪኬት ያስተማረውን እጅ ጦርነት እንዲህ ተጠቀመበት። ይህችን ገጽ ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲመለስም ምንም አላለም።

ከሞቱት መካከል በትሪኒቲ ኮሌጅ የሕግ ፕሮፌሰር የነበረው ኧርነስት ጁሊያን ይገኝበታል። በግላስኔቪን የዕፀዋት አትክልት ቦታ ምክትል ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ቦልም ይገኝበታል፤ በስሙ የተጠራ ቀይ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ዛሬም በየአትክልት ቦታው ይተከላል። በ1914 ለአየርላንድ ራግቢ የተጫወተው ጃስፐር ብሬት ደግሞ ከሱቭላ በሕይወት ወጣ። አእምሮው ግን ከዚያ አልወጣም፤ በ1917 አገሩ ገብቶ ሳለ በባቡር ሐዲድ ላይ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ክፍለ ጦሩ በሴፕቴምበር 1915 መጨረሻ ከሱቭላ ሲነሳ ከባልንጀሮቹ አብዛኞቹ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ቆስለዋል፣ ወይ ታመዋል።

ብራውኒንግ የት ነበር? ደብሊን ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ዕድሜው 46 ነውና ለግንባር የሚሆን አልነበረም። እሱና እኩዮቹ ክንዳቸው ላይ የንጉሥ ጆርጅን ስም በላቲን የያዘ ጨርቅ አሥረው ከተማ ለመጠበቅ ይሰለጥኑ ነበር። የደብሊን ሕዝብ ነገር ያውቃልና የላቲኑን ቃል በእንግሊዝኛ አጣሞ «ያማሩ ስብርባሪዎች» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ከዚህ ላይ ነው የእኛ ክርክር የሚጀምረው። በራግቢ አንድ ሕግ አለ። ኳስ በእጅ የሚቀበለው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት መወርወር ጥፋት ነው። ከኳሱ ቀድሞ የቆመ ሰውም ከጨዋታ ውጭ ነው። እንግዲህ ኳስ የያዘው ሰው ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ ዱላውን መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ለጓደኛው የሚያቀብለውም ራሱ ካለፈበት መስመር ወደ ኋላ ነው። ብራውኒንግን ያስከበረው ይህ ሕግ ያለበት ጨዋታ ነው። በ1914 ግን ወደ ፊት ወረወረ። እሱ ያልቆመበት፣ ሊቆምበትም ወደማይችል ቦታ ልጆቹን አሳለፋቸው።

ይህን ስንል ከጓደኞቻችን አንዱ አቋረጠን፤ «ምን ያስደንቃል? ውሻ በበላበት ይጮሃል። ትምህርቱም፣ ጨዋታውም፣ ክብሩም ከእንግሊዝ ሥርዓት የመጣ ነው። እና ለእንግሊዝ ቢጠራ ምን ይገርማል?» አለ። ነገሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም። በአየርላንድ ጨዋታ ራሱ የጎራ ምልክት ነበር፤ የአገሬውን ባህላዊ ጨዋታዎች የሚመራው ማኅበር አባሎቹ ራግቢና ክሪኬት እንዳይጫወቱ፣ እንዳይመለከቱም ጭምር፣ እስከ 1971 ድረስ ከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ክርክሩን በዚህ መዝጋት መሸሽ ይመስለናል። ምክንያቱም በዚያው ወራት የአየርላንድን የራስ አስተዳደር ሲጠይቁ የኖሩት የፓርላማ ሰው ጆን ሬድመንድም ወጣቶቹን ለዚያው ጦርነት ጠርተዋል። በእንግሊዝ ሥርዓት የታሰረ ወንድም ያላቸው ሰው ናቸው። ጥፋቱ የጎራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ጎራ መቀየር ነው፣ በቃ።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «የሕግ ፕሮፌሰር እንዴት ተታለለ ይባላል? አዋቂዎች ናቸው፤ ማንም አላስገደዳቸውም» አለ። እሺ፣ ማንም አላስገደዳቸውም። ግን እስቲ በልባችሁ ወደዚያ ሜዳ ሂዱ። ግራ ቀኝ የቆሙት የቡድን ጓደኞችህ ናቸው። ከፊት የቆመው የምታከብረው ሰው ነው። ስም እየተጠራ ነው። «እኔ አልሄድም» የምትለው በምን አፍህ ነው? መንግሥታት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በመላ ብሪታንያ የአንድ ሰፈር፣ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ክለብ ልጆችን አንድ ላይ የመለመሉት ለዚህ ነው። ግዳጅ ካለ ግዳጅ መሆኑን ቢያንስ ታውቀዋለህ። ወዳጅነት ሲያስገድድህ ግን የገዛ ፈቃድህ ይመስልሃል። ጠበቃውም ፕሮፌሰሩም ከዚህ አያመልጡም። ስምንት ሰው አንድ ወረቀት ሳያነብ ሲፈርም አይተናልና እናውቃለን።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደን ነው። ብራውኒንግ ራሱ ሞቷል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1916፣ የፋሲካ ማግስት ነበር። ያማሩት ስብርባሪዎች ከከተማ ውጭ ልምምድ ሲያደርጉ ውለው ወደ ሰፈራቸው ይመለሳሉ። ጠመንጃ ይዘዋል፤ ጥይት ግን የላቸውም። በዚያው ቀን የአየርላንድ ነፃነት ታጋዮች በደብሊን አመጽ አንሥተው የከተማውን ቁልፍ ቦታዎች ይዘዋል። በኖርዘምበርላንድ ጎዳና 25 ቁጥር ቤት ውስጥ ማይክል ማሎን የሚባል አናጢ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አድፍጧል። ከመስኮቱ ሲመለከት ጠመንጃ ያነገቱ፣ የንጉሡን ምልክት የታጠቁ ሰልፈኞች ይመጣሉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በምን ይወቅ? ተኮሱ። ብራውኒንግ ተመታ፤ ረቡዕ፣ ኤፕሪል 26 ቀን፣ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ማሎንም በዚያው ረቡዕ ሞተ። ከእንግሊዝ የመጣ ጦር ያን ጎዳና ለማለፍ ሲሞክር ማሎንና ጄምስ ግሬስ የሚባል ጓደኛው 25 ቁጥር ሆነው፣ ሌሎችም በአካባቢው ቤቶች ሆነው፣ ለሰዓታት አገዱት፤ ከወታደሮቹ የሞተና የቆሰለው ከሁለት መቶ በላይ እንደ ነበር ይነገራል። በመጨረሻ ወታደሮቹ ቤቱን ሰብረው ገቡና ማሎንን ገደሉት። ወንድሙ ዊልያም ማሎን ደግሞ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1915፣ ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር አጠገብ ሞቷል። የማን ወታደር ሆኖ? የዚያው የሮያል ደብሊን ፊውዚሊየርስ! አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ናቸው። በዚያ የደብሊን ክፍል የአመጸኞቹ አዛዥ፣ ኋላ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኤመን ዴ ቫሌራ፣ በወጣትነታቸው ራግቢ ይጫወቱ እንደ ነበር ስናነብማ ሳቃችንም ለቅሷችንም ተደባለቀብን። እሳቸው ለማሎን የገዛ ሽጉጣቸውን ሰጥተውት ነበር።

እንግዲህ ጓደኛችን የሚለው፦ ብራውኒንግ ላከ፣ ግን ራሱም ሞተ፤ ዕዳው ተከፈለ። ይህን ለመቀበል ብዙ ሞከርን። አልሆነልንም። በመጀመሪያ ነገር ሞቱ ድንገተኛ ነው፤ ለልጆቹ ሲል አልሞተም፤ ከእነሱ ጋርም አልሞተም። ሌላው ደግሞ፣ ይህ ነው ዋናው፣ የሞተ ሰው ሞቱ የሚያረጋግጥልን ፈሪ አለመሆኑን ብቻ ነው። ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ሁለቱ ነገሮች በየጊዜው ይምታቱብናል። «ሞቶለታል እኮ» ሲባል ክርክር ያበቃል፤ ሰው አንገቱን ይደፋል። ነገር ግን ለስሕተት የሞተ ስንት አለ!

ለዚህ ምስክር የምናደርገው የጆን ሬድመንድን ወንድም ዊሊ ሬድመንድን ነው። እሱም የፓርላማ ሰው ነበር፤ ለአየርላንድ መብት ሲታገል ታስሯል። በ1914 መጨረሻ ላይ ኮርክ ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገር «ሂዱ» አልላችሁም፣ ሽበቴን ይዤ «ኑ» እላችኋለሁ የሚል ቃል ተናገረ። እንዳለውም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ዘመተ፤ ጁን 7 ቀን 1917 ሜሲን ላይ ወደ ፊት ሲገሠግሥ ቆሰለና ሞተ። 56 ዓመቱ ነበር። ኳሱን ወደ ኋላ ያቀበለ ሰው ይህ ነው። ስናነበው ሁላችንም ወደድነው። ብራውኒንግን በሱ መዝነን ልንፈርድበትም ተዘጋጅተን ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነን። «ሂዱ» ያለውን ሰው «አንተስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ኑ» ያለውን ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ? ከፊትህ እየሄደ ነው። አፍህ ተዘጋ። እንግዲህ «ኑ» ከ«ሂዱ» ይልቅ ክቡር ነው፤ ግን ደግሞ ይበልጥ ያስራል። በዊሊ ሬድመንድ ቃል የዘመቱ ልጆች ከብራውኒንግ ልጆች ይበልጥ ነገሩን መርምረው ነው የሄዱት ለማለት አንደፍርም። የተከተሉት ሰው የተሻለ ነበር፤ የሄዱበት ጉድጓድ ግን ያው ነው።

ታዲያ ምን ቀረን? ማንም ማንንም አይጥራ ልንል ነውን? እንዲህ ያለ ዓለም የለም፤ ቢኖርም አንፈልገውም። የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው። አመኔታ የሰጠነው ሰው ያ አመኔታ ከየት እንደመጣ ቢያውቅ፣ ለዚያም ለማይመጥነው ነገር ሲጠራን ራሱ ቢነግረን፦ «እዚህ ላይ እኔን አትመኑኝ፤ ነገሩን ራሳችሁ እዩት» ቢለን ነው። ብራውኒንግ ይህን አላለም። ለእሱ ጥሪው የአገር ጥሪ ነበር፤ ሜዳውና ጦርነቱ አንድ መስሎ ታይቶታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ማን ይከተለው ነበር? በእሱ ፈንታ ብንሆን ያንን ደብዳቤ አንልክም ነበር ብለን ደግሞ አንምልም።

ብራውኒንግ የተቀበረው ዲንስግሬንጅ መካነ መቃብር ነው። 25 ቁጥር ቤት ዛሬም አለ፤ ግድግዳው ላይ የማሎን ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ ተለጥፏል። የላንስዳውን ሮዱ ሜዳም በ2010 ትልቅ ስታዲየም ሆኖ በአዲስ መልክ ተከፍቷል፤ ከቤቱ እስከ ሜዳው ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ አይሞላም።

ስለ ማሎን አንድ ነገር ሳንናገር ቀርተናል። በ25 ቁጥር ቤት መጀመሪያ የነበሩት አራት ናቸው። ሁለቱ ገና ልጆች ነበሩ። ማሎን የሚመጣውን አውቆታል፤ ከዚያ ቤት በሕይወት መውጣት እንደማይኖር ተረድቷል። ልጆቹ ለመቆየት ፈቃደኞች ነበሩ፤ አልፈሩም። እሱ ግን ጦሩ ከመድረሱ በፊት ሁለቱን ጠርቶ «ሂዱ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» አላቸው። ሄዱ። እሱና ግሬስ ብቻ ቀሩ።